የስም ባለርስትና የስም ጭሰኛ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል የኖረው፣ ስም በገበያ የማይለካ ስጦታ ነው ከሚል እምነት ጋር ነው። ልጅ ሲወለድ አያት ስም ታወጣለች፤ ስሙን ለልጁ በመስጠቷ ከእርሷ ዘንድ የሚጎድል አንዳች ነገር የለም። በአንድ መንደር ውስጥ ዐሥር ከበደ ቢኖር ዐሥሩም ከበደ ሆነው ይኖራሉ፤ መለየት ባስፈለገ ጊዜ የአባት ስም ይጨመራል፤ እርሱም ካልበቃ አንዱ ረጅሙ ከበደ፣ ሌላው አናጢው ከበደ፣ ሦስተኛው የወንዝ ማዶው ከበደ ይባላል። እንዲያውም በአንድ ስም የሚጠሩ ሰዎች «ሞክሼ» ተባብለው ይፈላለጋሉ፤ ስም መጋራት እንደ ዝምድና ይቆጠራልና። ከዐሥሩ ከበደዎች አንዱ ተነሥቶ «ከእንግዲህ ከበደ የምባለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው በዚህ ስም ሊጠራ ቢፈልግ ዋጋዬን ይክፈለኝ» ቢል፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ክርክር ሳይሆን መንደሩ የሚሥቅበት ቀልድ ይሆን ነበር።

ይህ ቀልድ ዛሬ ቁም ነገር ሆኗል። በኢንተርኔት መዝገብ ላይ ገና ያልተቋቋመ ድርጅት፣ ገና ያልታተመ መጽሐፍ፣ ገና ዝናው ያልወጣ ሰው ሊጠራበት የሚችለውን ስም እየገመቱ አስቀድመው የሚያስመዘግቡ፣ ካስመዘገቡም በኋላ ባለጉዳዩ መጥቶ በራቸውን እስኪያንኳኳ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የሚያመርቱት ዕቃ የለም፤ የሚያጓጉዙት ጭነት የለም፤ መጋዘንም አያሻቸውም። ከማናቸውም የአየር ባየር ንግድ ይልቅ ለአየር የቀረበው ንግድ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ አንድን ስም ያልፈጠረ፣ ያላከበረ፣ ሊጠራበትም የማያስብ ሰው፣ ቀድሞ በመድረሱ ብቻ በስሙ ላይ ምን መብት ያገኛል?

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ረጅም ቁጥር ደግሞ ለሰው ልጅ ትውስታ አይመችም። ስለዚህም በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ፖል ሞካፔትሪስ ከባልደረባው ከጆን ፖስቴል ጋር በመሆን ለቁጥሮቹ ስም የሚሰጥበትን ሥርዓት ነደፈ። ሥርዓቱ ከስልክ ማውጫ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ይህ ማውጫ ሞክሼ የማያውቅ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ ስንት ከበደ ቢኖር «ከበደ ዶት ኮም» የሚባለው አንድ ብቻ ነው። ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለ የማሳቹሴትስ ኮምፒዩተር ሠሪ ኩባንያ የመጀመሪያውን የዶት ኮም ስም አስመዘገበ፤ እስከዚያው ዓመት መጨረሻም የተከተሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በዚሁ በዶት ኮም ሥር ብቻ ከ150 ሚሊዮን በላይ ስሞች ተመዝግበው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መታየት ይገባዋል። መሬት ያጠረው ተፈጥሮ ስለ ወሰነችው ነው። እህል የሚያጥረው ዝናብ ሲጠፋ ነው። ስም ግን በተፈጥሮው አጥሮ አያውቅም፤ ያጠረው መዝገቡ በተዘጋጀበት ዘዴ ምክንያት ነው። ማጠሩ ሰው ሠራሽ ከሆነ ደግሞ በማጠሩ ላይ የበቀለው ንግድ የተፈጥሮ ሕግ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

መዝገቡን ያቋቋሙት ሊቃውንት ክፉ ነገር አላሰቡም። እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩና ከሁሉ የቀለለውን ደንብ መረጡ፤ ይኸውም ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ ይሰጠው የሚል ነው። የምዝገባውን ወጪ የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ተቋም ይሸፍን ስለነበር እስከ 1995 ድረስ ስም የሚወሰደው በነጻ ነበር። ደንቡ የወረፋ ደንብ ነው፤ ወረፋም የራሱ ሥነ ምግባር አለው። የቀበሌ ሱቅ ወረፋ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወረፋ ፍትሐዊ የሚሆነው የተሰለፈው ሰው ለጓዳው የሚሆነውን ስኳር ሊወስድ የመጣ እንደሆነ ነው። ሌሊት ተነሥቶ አርባ ድንጋይ በተርታ ደርድሮ፣ ሲነጋ እያንዳንዱን ድንጋይ ለዘገዩ እናቶች የሚሸጥ ሰው የወረፋውን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን ሰርዟል። «ደንብ ጥሻለሁን?» ብሎ ቢጠይቅ አልጣሰም። ቀድሞ መምጣቱም እውነት ነው። ይሁንና ሰዎቹ የሚከፍሉት ለስኳሩ አይደለም፤ እርሱ በመካከል ስለቆመ ነው።

ድንጋይ መደርደሩ ብዙ አልቆየም። በ1994 ጆሹዋ ኩዊትነር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የማክዶናልድስን ስም ማንም እንዳልያዘው አይቶ ለኩባንያው ነገረ፤ ሰሚ ባጣ ጊዜም ስሙን በራሱ አስመዘገበና ታሪኩን ዋየርድ በተባለው መጽሔት ጻፈ። ኩባንያው ነገሩ ሲገባው ጋዜጠኛው ስሙን የመለሰው ለኪሱ አንድ ሳንቲም ሳይጠይቅ፣ ለአንድ የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት የኢንተርኔት መገልገያ 3,500 ዶላር እንዲሰጥ አድርጎ ነው። ጨዋታው በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ቀልዱን ትተው ዋጋውን ብቻ ያዙ። ዴኒስ ቶፐን የተባለ የኢሊኖይ ሰው የታወቁ ድርጅቶችን ስም ከመቶ በላይ አስመዘገበ። የፊልም ካሜራ ሠሪው ፓናቪዥን ስሙን ሲጠይቀው፣ ቶፐን በዚያ ስም በከፈተው ገጽ ላይ «ፓና» የተባለችውን ትንሽ ከተማ ፎቶግራፎች ለጥፎ ቆየው፤ ስሙን ለመልቀቅም 13,000 ዶላር ጠየቀ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 ለፓናቪዥን ፈረደ፤ በተከታዩም ዓመት አሜሪካ የሌላውን የንግድ ስም በክፉ ልቦና ለሚያስመዘግቡ ሁሉ የቅጣት ሕግ አወጣች። ይህ በእንዲህ እንዳለ «ቢዝነስ ዶት ኮም» የተሰኘው ስም በ1997 በ150,000 ዶላር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። «ቮይስ ዶት ኮም»፣ ማለትም «ድምፅ» የሚለው አንድ ተራ ቃል፣ በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ገዢ አገኘ።

ለስም ነጋዴው የሚቆም ጠበቃ ቢኖር ከሩቅ ዘመን ምስክር ሊጠራ ይችላል። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ የፈላስፋውን የታሌስን ታሪክ ይተርካል። ሰዎች ታሌስን በድህነቱ እያሾፉ ፍልስፍና ከንቱ ነው ባሉት ጊዜ፣ እርሱ በከዋክብት ምርምሩ የሚመጣው የወይራ ምርት የተትረፈረፈ እንደሚሆን ዐወቀ። ክረምቱ ሳይወጣ በሚሌጦስና በኪዮስ ያሉትን የወይራ መጭመቂያዎች ሁሉ በጥቂት ቀብድ ያዛቸው፤ ተወዳዳሪ አልነበረውምና። የመጭመቂያው ወራት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሯሯጥ፣ ታሌስ በፈለገው ዋጋ አከራየ። አርስቶትል ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት ፈላስፋ ከፈለገ መበልጸግ እንደሚችል ነው። ወይራውን ተሸክሞ በር ላይ የቆመው ገበሬ ስንት እንደ ከፈለ ግን አይነግረንም፤ ዝምታው የሚገርም ነው። ያም ሆኖ ታሌስ ሦስት ነገር ነበረው፤ ዕውቀት ነበረው፣ ቀብዱን ሊያጣ የሚችልበትን አደጋ ተሸክሟል፣ የያዘውም መሣሪያ ዘይት የሚያወጣ ነው። የስም ነጋዴውም ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሊከራከር ይችላል፤ ነገ የሚፈለገውን መገመት ዕውቀት ይጠይቃል፤ ከያዛቸውም ስሞች አያሌዎቹ ገዢ ሳያገኙ የዓመት ክፍያ እየበሉ ይቀራሉ። በሦስተኛው ነጥብ ግን ይረታል። የተያዘና የተዘጋ ስም ምንም አይጨምቅም።

ከዚህ የበረታ መከራከሪያ አለ፤ ለኪነ ጥበብ ሰውም ቅርብ ነው። ስም ማግኘት ራሱ የፈጠራ ሥራ አይደለምን? አንድ ጸሐፌ ተውኔት ለድርሰቱ ርእስ ሲፈልግ ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጥበት ጊዜ አለ፤ ትክክለኛው ቃል ሲመጣለት ግማሽ ሥራው እንዳለቀ ይሰማዋል። እንግዲያው ማንም ያላሰበውን ውብ ስም ከአእምሮው ያወጣ ሰው ድካሙን ቢሸጥ ከደራሲው በምን ያንሳል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነውና አዲስ ቃል ቀምሮ «ለሚያስፈልገው ይኸው» ብሎ የሚያቀርበውን ሰው ከሌሎቹ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እርሱ ወደ ባለሙያው ይጠጋል። ነገር ግን ገበያው በብዛት የሚነግደው በተፈጠረ ስም አይደለም። የሚነግደው «ድምፅ»፣ «ንግድ»፣ «ቤት»፣ «ውሃ» በሚሉት ዐይነት ቃላት ነው፤ እነዚህንም የተቀመረላቸው ደራሲ የለም። እናቶች ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ፣ እረኞች ሲጠራሩ፣ ነጋዴዎች ሲከራከሩ፣ ባለቅኔዎች ሲቀኙ ስንትና ስንት ትውልድ በአፉ እያመላለሰ ክብደት የሰጣቸው ቃላት ናቸው። በደራሲ መንገድ ከሄድን የሮያሊቲው ባለመብት ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ በሙሉ በሆነ ነበር።

አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ በ1879 ባሳተመው «ዕድገትና ድህነት» በተሰኘ መጽሐፍ ስለ ከተማ መሬት የተናገረው ነገር እዚህ ላይ ይሠራል። በከተማ መካከል ባዶ ቦታ አጥሮ የተቀመጠ ሰው አንድ ድንጋይ ሳያነሣ ይበለጽጋል፤ ጎረቤቶቹ መንገድ ሲያወጡ፣ ሱቅ ሲከፍቱ፣ ሲበዙና ሲሠሩ የእርሱ ባዶ ቦታ ዋጋ ይጨምራልና። የስሙም ዋጋ የሚያድገው በሌሎች ሥራ ነው። ልዩነቱ የስም ባለርስት ራሱ ጭሰኛ መሆኑ ነው። የዶት ኮም ስም አይሸጥም፤ በየዓመቱ ወደ ዐሥር ዶላር በሚጠጋ መነሻ ዋጋ፣ ቢበዛም ለዐሥር ዓመት ይከራያል። ክፍያው የተቋረጠበት ስም ከጥቂት የይቅርታ ሳምንታት በኋላ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለዚሁ የተሰናዱ ኮምፒዩተሮችም የተሰረዘበትን ቅጽበት አድፍጠው ይጠብቁታል። የአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ታሞ ክፍያ ቢዘገይ የማኅበሩ ስም ሲነጋ የማያውቀው ሰው ንብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ዳኝነቱ ምን ይላል? ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የስም አስተዳደር ድርጅት በአይካን ደንብ መሠረት፣ ክርክሮቹ በአመዛኙ በጄኔቫው የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ፊት ይታያሉ። ለደራስያን ትልቅ ትርጉም ያለው ጉዳይ በ2000 የተወሰነው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጃኔት ዊንተርሰን ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ከመቶ የሚበልጡ ደራስያንን ስም አስመዝግቦ ስማቸውን መልሰው ለማግኘት ከመጽሐፍ ሽያጫቸው በመቶ ሦስት እንዲከፍሉት ጠየቀ። ዊንተርሰን ተከራክራ ረታች፤ ስሟን በንግድ ምልክትነት ባታስመዘግብም፣ በመጻሕፍቷ ያከበረችው ስም የራሷ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ግን «ስቲንግ» የተባለው እንግሊዛዊ ድምፃዊ ተሸነፈ፤ ቃሉ የንብ መንደፊያ ማለት ነውና የሁሉም ነው፤ ስሙን የያዘውም ሰው በዚያ ቅጽል ሲጠራ የኖረ እንጂ ድምፃዊውን አጥምዶ የተቀመጠ ሆኖ አልተገኘም።

በእነዚህ ፍርዶች ውስጥ ዋናው መመዘኛ «ክፉ ልቦና» የሚለው ነው፤ ይህም ከተራ የንብረት ሕግ ለየት ያደርገዋል። በሬ የገዛ ሰው ለምን እንደ ገዛው አይጠየቅም። ስም የያዘ ሰው ግን «ምን አስበህ ያዝከው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አንዱ ድርጊት በሁለት ሰው እጅ ሁለት ድርጊት ይሆናል። ለዳኛ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው ተብሎ ለተማረ ሕዝብ ደግሞ በጣም ያስቸግራል። ቢሆንም ደንቡ ማየት ያለበትን አይቷል፤ ነውሩ ስም በመያዝ ሳይሆን ሰውን በራሱ ስም ማስያዣ አድርጎ በመያዝ ላይ ነውና።

ትልቁ ሁልጊዜ ተበዳይ፣ ትንሹ ሁልጊዜ አጥማጅ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ዑዚ ኒሳን የተባለ ትውልደ እስራኤል ነጋዴ በሰሜን ካሮላይና በአባቱ ስም ትንሽ የኮምፒዩተር ሱቅ ነበረው። ኒሳን በዕብራውያን አቆጣጠር የወር ስም ነው፤ የፋሲካው ወር። ሰውየው በ1994 በስሙ ዶት ኮም አስመዘገበ። በ1999 የጃፓኑ የመኪና ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ የሰውየውም ገንዘብ እንዲሁ። በመጨረሻ ስሙን ይዞ ቀረ፤ በ2020 ሲሞትም አልሸጠውም። መንደሩ የሚሥቅበት ያ ቀልድ ላይ «ከእንግዲህ በዚህ ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ» ያለው በዚህ ጊዜ ድሀው ከበደ አልነበረም።

ከንግዱ ዘዴዎች ሁሉ የባሰ የነበረው «ቅምሻ» የተባለው ነው። ደንቡ በፊደል ግድፈት ስም ያስመዘገበ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ቢመልስ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይፈቅድ ነበር። ይህን የቸርነት ቀዳዳ ያገኙ ድርጅቶች በኮምፒዩተር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሞችን እያስመዘገቡ፣ ማስታወቂያ እየለጠፉባቸው፣ የትኛው ጎብኚ እንደሚስብ ለአራት ቀን እየቀመሱ፣ በአምስተኛው ቀን የማይረባውን ከነዋጋው ይመልሱ ጀመር። አይካን በ2008 እና በ2009 ከመጠን በላይ ለሚመለስ ስም የማይመለስ ክፍያ ጣለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቅምሻው ከመቶ 99 እጅ በላይ ቀነሰ። ማንም አልተሰበከም፤ ማንም ንስሐ አልገባም። የነጋዴዎቹ ልብ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሳንቲሞች ሒሳብ ነው። ስለ ግለሰብ ስግብግብነት ብዙ ከመናገር በፊት ስግብግብነቱ በማን ወጪ ሲኖር እንደነበረ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ልቡን ራሱን መጠየቅ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ፣ በ2020 ወረርሽኙ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የአደጋው ስም ከዜና አንባቢው አፍ ሳይወርድ በስሙ የሚነግዱ ሰዎች መዝገቡን አጣበቡት። አንዳንዱ የእርዳታ ድርጅት መስሎ ምጽዋት ሊሰርቅ ነው፤ እርሱ ሌባ ነውና ክርክር የለበትም። ክርክር የሚያስፈልገው ስለሌላው ነው፤ ማንንም ሳያታልል፣ የአደጋውን ስም ይዞ ዋጋ እስኪወጣለት ስለሚጠብቀው። በእርግጥ የራበው ሰው እህል አልቀማም። ይሁን እንጂ የሟቾች ቁጥር ሲነገር ልቡ ቀድሞ ወደ ገበያ የሮጠ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሬሳ ሳጥኑን ዋጋ እንደሚገምት እንግዳ ነው። ሕግ አይከሰውም፤ ለቀስተኛው ግን ያየዋል።

ሁሉም ያልደከሙበት ሀብት አንድ ዐይነት አይደለም። ቱቫሉ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች፣ ሕዝቧ ከዐሥራ ሁለት ሺህ የማይበልጥ የደሴቶች አገር ናት። በአገሮች የምሕጻረ ቃል ዝርዝር የደረሷት ሁለት ፊደላት በአጋጣሚ የቴሌቪዥን ምሕጻረ ቃል የሆነው «ቲቪ» ሆኑ። በ2000 መጠሪያውን ለማከራየት የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባች፤ ከገንዘቡም የተባበሩት መንግሥታት አባልነቷን ወጪ ሸፈነች። የካሪቢያኗ አንጉይላም «ኤአይ» የሚለው ደርሷት፣ ፊደሎቹ የሰው ሠራሽ አእምሮ ምልክት በሆኑ ጊዜ በ2023 ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር፣ ይኸውም ከመንግሥት ገቢዋ ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ አስገኘላት። በድካም አልተገኘም፤ ስም ነጋዴው «እኔና እነርሱ በምን እንለያያለን?» ብሎ ቢጠይቅ የምንጩ ልዩነት ጥቂት ነው። የሚለየው መድረሻው ነው፤ ገንዘቡ የገባው በሕዝብ ካዝና ነው፤ ፊደሎቹንም ማንም ከማንም ቀድሞ አልነጠቀም።

ኢትዮጵያም ስለ ስም ተከራክራለች። በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። እነዚህን ስሞች ያከበራቸው ቡናውን ሲለቅም፣ ሲያጥብና ሲያሰጣ የኖረው ገበሬ ነው። ስሙ ከጆንያው ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ፣ ለቃሚው ድርሻዬ የት ነው ማለቱ የስም ነጋዴውን ጥያቄ አይመስልም። ሁለቱም «ስሙ የእኔ ነው» ይላሉ። አንዱ ግን ሠርቶበታል።

ወደፊት የሚመጣው ነገር ደግሞ በራሳችን ፊደል ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የስም መዝገብ የላይኛው እርከን የሚገባበት ደንብ በባለሙያዎች ተጠንቶ በ2017 ተካቷል። ፊደላችን ሞክሼ ፊደላት አሉት፤ በድምፅ አንድ፣ በመልክ የተለያዩ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ፀ» እና በሦስቱ «ሐ» ቢጻፍ ቢያንስ ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ አንባቢው ግን የሚሰማው አንዲት ፀሐይ ነው። መዝጋቢው ስድስቱንም ለየብቻ ቢሸጥ፣ አንድ የሙዚቃ ጓድ በአንደኛው ሲጠራ አምስቱን አጥማጅ ይይዛቸዋል። አንዱ ሲመዘገብ አምስቱ እንዲዘጉ ቢደረግ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ሰው በአንድ ክፍያ ስድስቱንም ይጠቀልላል፤ የሥርወ ቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ ጠብቆ ዘግይቶ የመጣው መምህርም በር ላይ ይቀራል።